ሳይበሳ የተለጠፈ ስም

ይበልጣል ወደ ምስጢር ወርክሾፕ የመጣው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ከጎንደር ወደ ወለቃ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሸክላ ሻጮቹ ዕቃቸውን ከሚደረድሩበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የቆርቆሮ አጥሯ ደጃፍ ላይ አንድ ረጅም የጭነት መኪና ቆመ። በላዩ በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ጀልባ ተጋድሟል። ምስጢር ተንበርክካ የሚኒባስ ፓራውልት እየጠገነች ነበር። ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው ጀልባውን ነው፤ ቀጥሎ ከጋቢናው የሚወርደውን ሰውዬ። ከዚያ በኋላ በእጇ የያዘችው ብሩሽ እስኪደርቅ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

ሰውዬውን ከሰባት ዓመት በፊት ሁለት ጊዜ አይታዋለች። አንዴ በወንድሟ በዕንባቆም ቀብር ላይ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ ከሰው ኋላ ቆሞ። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ መርማሪዎች ፊት፣ እጁን አጣምሮ፣ "ልጁ ጠጥቶ ነበር፤ ሰውም ከልክ በላይ ጭኗል" ብሎ ሲናገር። እሱ ግን አላወቃትም። ያን ጊዜ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ የምታለቅስ ልጅ ነበረች። አሁን ቱታ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠፍራ፣ ፊቷ በፋይበር ብናኝ አመድ መስሏል።

"ፋይበር የምትሠራው አንቺ ነሽ?" አላት።

"እኔ ነኝ። ይግቡ።"

"በዚህ አገር ይህን ሥራ ካንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም አሉኝ። ይህቺን ጎርጎራ ላወርዳት ነው። ከኋላዋ መሰላል፣ በግራ በቀኝ የእጅ መያዣ ብረት፣ መብራት፣ የገመድ ማሰሪያ፣ የውሃ ጥልቀት መለኪያ እንድትገጥሚልኝ እፈልጋለሁ። ስሜንም በሁለቱ ጎን በትልቁ። ነገር ግን አንዲት ቀዳዳ እንዳትበሺ።"

"ምነው? በብሎን ይፈጥናል።"

"የሸጡልኝ ሰዎች ከልክለውኛል። ገላዋ ሁለት ድርብ ነው፤ መሐሉ እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር አለው። ከተበሳ ውሃ ይጠጣል፣ ዋስትናውም ይቀራል።" ይበልጣል ጀልባውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ደግሞ እኔም ቀምሼዋለሁ። የድሮዋን ለመሰላል ብዬ አራት ቦታ በስቼ ነው ያጣኋት።"

ምስጢር የደረቀውን ብሩሽ መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ሰው ነበረባት?"

"ነበረባት። ነጂው ሞተ፣ ሌሎቹ ወጡ። ዕድሉ ነው እንግዲህ።" ይህን ብሎ ወደ ሾፌሩ ዞረና ጀልባውን እንዲያወርዱ አዘዘ።

እሷ ጥግ ወዳለው የውሃ በርሜል ሄዳ እጇን ታጠበች። እጇ መታጠብ አስፈልጎት አልነበረም፤ ፊቷን የምታዞርበት አጥታ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ነገር ከዚህ ሰው አፍ መስማት ትፈልግ ነበር። በሕልሟ ስንት ጊዜ አስለፍልፋዋለች። በሕልሟ ግን ሲያለቅስ ወይም ሲንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ስለ ተሰበረ በር እንደሚያወራ ሰው አውርቶት አለፈ።

ዕንባቆም የሞተው በሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አባታቸው መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ድብ ባሕር በምትባል የገጠር ከተማ ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ግን ከዜማው ውሃውን መረጠና ጎርጎራ ወርዶ የይበልጣል ጀልባ ነጂ ሆነ። መጠጥ የሚባል በአፉ አይዞርም። ያን ቀን ከደሴት ገዳም ተሳላሚዎች ይዞ ሲመለስ ጀልባዋ ከኋላዋ ውሃ መሙላት ጀመረች። ዋና የማይችሉትን ስድስት ሰዎች አንድ በአንድ ዳርቻው ላይ ወደበቀለው ደንገል አደረሰ። የቀረ ሰው እንዳለ ለማየት ለሰባተኛ ጊዜ ሲመለስ አቅም አልቆበት ቀረ። ከስድስቱ አንዷ እማሆይ ፍቅረ ማርያም፣ ጀልባዋ ተጎትታ ስትወጣ አይተዋታል። መሰላሉ ከተገጠመበት ሥር ያለው ቀዳዳ ጣታቸውን አስገብቷል፤ በጨርቅና በሬንጅ ተወትፎ የነበረው ወጥቷል። ይህን ለመርማሪዎቹ ተናገሩ። ወረቀቱ ላይ ግን የተጻፈው የይበልጣል ቃል ሆነ፤ ጀልባዋም በሳምንቱ ተቆራርጣ ማገዶ ሆነች።

ወረቀቱ ድብ ባሕር ድረስ ወሬ ሆኖ ደረሰ። መሪጌታ በማኅሌት መሐል አንድ ሰው ለጎኑ ሰው "የሰካራሙ አባት" ሲል ሰሙ። ጸናጽላቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመው ማስቀደስ ያዙ። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆዩና አረፉ። በመጨረሻው ሰሞን ምስጢርን አስጠርተው፣ "ይጠጣ ነበር ወይ? አንቺ ታውቂያለሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ" ብለው ጠየቋት። እሷ የማትረሳው ሞታቸውን ሳይሆን ይህን ጥያቄ ነው። ይበልጣል አባት የገዛ ልጁን እንዲጠረጥር አድርጓል።

እጇን አድርቃ ተመለሰች።

"እሠራዋለሁ" አለችው። "ያለ ቀዳዳ ስሠራ ግን ደንበኛ ይፈርምልኛል። ነገ ቢላቀቅ ብሎን ይሻል ነበር እንዳይሉኝ፣ ለምን እንዳልተበሳ ምክንያቱ ይጻፍ።"

"ጻፊው። የነገርኩሽን ጻፊ።"

እሷም የነገራትን ጻፈች፦ *የቀድሞዋ ጀልባ ለመሰላል አራት ቦታ በባለቤቷ ተበስታ በዚሁ ምክንያት ውሃ ገብቶባት ስለሰጠመች።* ይበልጣል መነጽሩን ፈልጎ አጣው። ወረቀቱን ራቅ አድርጎ በዓይኑ ዳሰሰና ፈረመ። ስልኩ ሲጮህ እያነሳ ወጣ።

የመጀመሪያው ሐሳቧ ክፉ ነበር። ፋብሪካ የወጣ አዲስ ጀልባ ገላው ላይ ሰም አለ፤ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀውም በዚያ ነው። ኮላ ሰም ላይ ሲቀባ ይይዛል፣ ግን የሚይዘው ሰሙን እንጂ ጀልባውን አይደለም። ለሳምንት፣ ምናልባት ለሁለት ሳምንት ይቆይና አንድ ቀን ሰው ሲረግጠው ሙልጭ ብሎ ይለቃል። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

አርብ ዕለት ከመሰላሉ አራት እግሮች አንዱን በዚህ ሁኔታ ለጠፈችው። አልፋቀችም፣ አላጠበችም፤ ኮላውን ቀባችና ገጠመችው። ከውጭ ሲያዩት ያማረ ሥራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስትመጣ ቱታዋን እንኳ ሳትለብስ ወደ ተለጠፈው እግር ሄደችና በተዘረጋ መዳፏ መታችው። ሳምንት ይቆያል ያለችው ብረት እንደ ደረቀ ልጥ ተላቀቀና እግሯ ሥር ወደቀ። ሥሩ ያለው ነጭ ገላ አንድ ጭረት አልነካውም።

የወደቀውን ብረት እያየች ቆመች። ያስደነገጣት ነገሩ እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው። ይበልጣል ራሱ በዚህ መሰላል አይወጣም፤ እሱ ዳር ቆሞ ተሳፋሪ ያስገባል እንጂ። የሚወጡት ነጠላቸውን በጥርሳቸው የያዙ አሮጊቶች፣ እማሆይ ፍቅረ ማርያምን የመሰሉ ናቸው። ያን ጊዜ የተጎዱት እነሱ፣ አሁንም የሚጎዱት እነሱ ሊሆኑ ነው። ንዴቷ አልበረደም። የሚወድቅበት ሰው ግን ይበልጣል ብቻ እንዲሆን ፈለገች።

ሰኞ ዕለት ከአጥሩ ማዶ ብረት ወደሚቆርጡት ወደ አያ ባዬ ሄደች። አያ ባዬ የመቃብርና የቢሮ በር ጽሑፍ በብረት ላይ የሚቀርጹ ሽማግሌ ናቸው።

"ሁለት ሰሌዳ ከማይዝግ ብረት እፈልጋለሁ፣ እኩል ስፋት" አለቻቸው። "በአንዱ 'ይበልጣል' ብቻ ይጻፍ። በሌላው ይህ ይጻፍ።" ወረቀት ሰጠቻቸው።

አያ ባዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ይህ ልጅ ወንድምሽ አይደለም?"

"ነው።"

"ምነው ልጄ፣ ጣጣ አይሆንብሽም? ሰውዬው ገንዘብም ሰውም አለው።"

"ይሁን።"

"ነቅሎ ቢጥለውስ?"

"እሱን ለእኔ ይተዉት።"

አያ ባዬ ረጅሙን ጽሑፍ አስቀድመው መቅረጽ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ምስጢር እንደዚያ ሳምንት ሠርታ አታውቅም። ጀልባውን በሳሙና አጠበችው። ዕቃዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ በእርሳስ ከለለች፤ በአሴቶን ጠርጋ ሰሙን አነሳች፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት የሚያብረቀርቀው ሁሉ ድፍርስ እስኪል ፈተገችው። እንደገና ጠረገችና ውሃ ጠብ አደረገችበት። ውሃው እንደ ዶቃ ከተሰበሰበ ሰም ቀርቷል ማለት ነው፤ ተንጣልሎ ከፈሰሰ ንጹሕ ነው። ተንጣልሎ ፈሰሰ። ሲቀላቀሉ የሚጠነክሩትን ነጭና ጥቁር ኮላ በልኩ ደባለቀች። ብረቱን ስትጫን ኮላው በዳር በዳሩ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ተጫነች፤ ተጨፍልቆ ካለቀ የሚይዝ ነገር አይቀርም። መሰላሉን በኮላ ብቻ አላመነችውም። እግሮቹን ሰፋፊ አደረገችና በላያቸው የፋይበር ጨርቅ ሦስት ጊዜ ደራርባ አለበሰቻቸው። የጥልቀት መለኪያው በብሎን የሚታሰር ስለሆነ፣ መጀመሪያ ወፍራም የፕላስቲክ ቁራጭ ጀልባው ላይ ለጠፈችና ብሎኑን ቁራጩ ላይ ብቻ አሰረችው። መብሻዋ ትራፓኖ ወደ ጀልባው ገላ አልቀረበችም።

ሰሌዳዎቹን የለጠፈችው መጨረሻ ላይ ነው። በግራ በኩል ይበልጣል። በቀኝ በኩል፣ ተሳፋሪ ከሚገባበት ጎን፣ ሌላው። ለእሱ የመረጠችው ኮላ ካላት ሁሉ የበረታውን ነበር። ቦታውንም ከሁሉ አብልጣ ፈተገችው። ክንዷ እስኪዝል ድረስ ፈተገችው።

የጎንደር ብርድ ኮላ ቶሎ አያደርቅም። የተለጠፈውን ሁሉ በፕላስተር ወጥራ፣ በጥቁር ላስቲክ ሸፍና፣ ፀሐይ እንዲያሞቀው ጀልባውን ወደ ግቢው መሐል አወጣችው። ይበልጣል ሊወስደው ሲመጣ ሁሉም እንደተሸፈነ ነበር።

"ስሜን ልየው" አለ።

ከግራው ላስቲክ ጥግ ገለጥ አድርጋ አሳየችው። ይበልጣል ፊደሎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ደስ አለው።

"በዚያኛውም ጎን እንዲሁ ነው?"

"መጠኑ እኩል ነው። ግን እሱን በኋላ ስለለጠፍኩት ሰባት ቀን አይነካ። አሁን ነፋስ ከገባበት ይላቀቃል።"

"ጥሩ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ጎርጎራ ላይ ጠበል ይረጭባታል። ያኔ በሰው ፊት ገልጬ አስመርቃታለሁ። አንቺም ነይ።"

"እመጣለሁ" አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጎርጎራ ዳርቻ ሰው ሞልቶበት ነበር። ይበልጣል ዳስ ጥሏል፣ በግ አርዷል፤ ነጋዴው፣ ጀልባ ነጂው፣ ከቢሮ የመጣው ሁሉ ተቀምጧል። ምስጢር እናቷን ወይዘሮ ወለተሩፋኤልን ከድብ ባሕር አስመጥታ ከእማሆይ ፍቅረ ማርያም ጋር ከሰው ኋላ አስቀምጣቸዋለች። ለምን እንደመጡ አልነገረቻቸውም። እናቷም አልጠየቁም፤ ውሃውን ግን ጀርባ ሰጥተው ተቀመጡ።

ይበልጣል ነጭ ልብሱን ለብሶ መጀመሪያ የግራውን ላስቲክ ገፈፈ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ በቀስታ ወደ ቀኙ ዞረና፣ ፊቱን ወደ እንግዶቹ እንዳደረገ፣ ላስቲኩን ሳብ አደረገው። አሁንም አጨበጨቡ፤ ከዚያ ከፊት ያሉት ማንበብ ሲጀምሩ ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ይበልጣል ምን እንደሆነ ለማየት ዞረ።

ጠበል ሊረጩ የቆሙት ቄስ ቀረብ ብለው ቅዳሴ በለመደ ድምፃቸው አነበቡት፦

"ከዚህች በፊት የነበረችው ጀልባ ለመሰላል ተበስታ ሰጠመች። ነጂዋ ዕንባቆም ገብረ ኢየሱስ ጠጥቶ አልነበረም። ስድስት ሰው አውጥቶ እሱ ቀረ።"

ከኋላ እማሆይ ፍቅረ ማርያም ተነሥተው ቆሙ። "ከስድስቱ አንዷ እኔ ነኝ" አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

የይበልጣል ዓይን በሰው መሐል ሲፈልግ ቆይቶ ምስጢር ላይ አረፈ።

"አንቺ ማነሽ?"

"የዕንባቆም እኅት ነኝ" አለች። እስከዚያ ቀን አንቱ ትለው ነበር፤ አሁን ግን፣ "የነገርከኝን ነው የጻፍኩት" አለችው። "በስቼ ነው ያጣኋት አላልከኝም?"

"ስም ማጥፋት ነው። እከስሻለሁ።"

"ክሰሰኝ። የፈረምክበት ወረቀት እጄ ላይ አለ።"

ይበልጣል ከጀልባ ነጂዎቹ አንዱን መፈንቀያ ብረት እንዲያመጣ አዘዘው። ልጁ ከዕንባቆም ጋር አብሮ የሠራ ነበርና ከተቀመጠበት አልተነሣም። ይበልጣል ራሱ ሄዶ አመጣ። የብረቱን ጫፍ ከሰሌዳው ሥር ለማስገባት ታገለ፤ መግቢያ አጣ። መታው፤ ጥግ በኩል ትንሽ ታጠፈ እንጂ አልተነቃነቀም። ነጭ ልብሱ በላብ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ያ ሁሉ እንግዳ ያየው ነበር። ምስጢርም አየችው። ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ቢቻል በዚያው ዓመቱን ሙሉ ሲታገል ብታየው ደስ ይላት ነበር።

ቄሱ የጠበሉን ዕቃ አኑረው፣ "ይህ ነገር ሳይጣራ እኔ አልረጭም" አሉና መስቀላቸውን ይዘው ሄዱ። እንግዳውም ተከትሏቸው ተነሣ፤ በጉን የቀመሰው ጥቂት ሰው ነው።

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ሰው ሲያልቅ ወደ ጀልባዋ ሄዱ። ማንበብ አይችሉም። "የትኛው ነው ስሙ?" ብለው ጠየቁ። ምስጢር ጣታቸውን ይዛ ከፊደሉ ላይ አሳረፈችላቸው። ይበልጣል ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ መፈንቀያውን እንደያዘ ሴትዮዋ እስኪጨርሱ ድረስ ቆመ።

ሰውዬው ያንን ሰሌዳ ይዞ መኖር አልቻለም። ቀለም ቀባበት፤ ሰው ሁሉ ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ ያውቃል። ተሳላሚዎች ቀለሙን እያዩ ወደ ሌላ ጀልባ ማለፍ ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት የብረት መቁረጫ ማሽን አምጥቶ ሰሌዳውን ከነገላው ቆርጦ አወጣው። ሁለቱም ድርብ ተቀዶ መሐሉ ያለው ስፖንጅ ታየ፤ ጎኑ መስኮት የሚያህል ክፍት ሆነ። ሻጮቹ ዋስትናችን ቀርቷል አሉ። ፈቃድ ሰጪዎቹም ጎኑ የተቀደደ ጀልባ ሰው አይጭንም ብለው ከለከሉት። ይህን ለምስጢር በስልክ የነገሯት እማሆይ ናቸው። ስትሰማ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ ሳቀች። ሳቁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ ቢሆንም ሳቋን አላቋረጠችም።

ይበልጣል እንዳለው ከሰሳት። ዳኛዋ የሥራ ትእዛዙን ወረቀት ተቀብለው አነበቡና፣ "ፊርማው የእርስዎ ነው?" ብለው ጠየቁት። ነው አለ። "ታዲያ ጽሑፉ ምኑ ላይ ነው ሐሰት?" አሉት። ጠበቃው ጊዜ እንዲሰጣቸው ለመነ፤ በቀጠሮው ቀን ግን ክሱን አንሥተው መጡ። ምስጢር በዚያው ወረቀትና በእማሆይ ምስክርነት የድሮው መዝገብ እንዲታይላት አመለከተች። ብዙ ወር ተመላለሰች። በመጨረሻ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጧት፦ የአደጋው ምክንያት የጀልባዋ መበሳት መሆኑን፣ ነጂው ጠጥቶ ነበር የሚለው መሠረት የሌለው መሆኑን የሚገልጽ። ይበልጣል አልታሰረም። ጊዜው አልፏል አሏት።

ደብዳቤውን ይዛ ድብ ባሕር ሄደች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ በሕዝቡ ፊት አነበቡት። አንድ ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው የእናቷን ጉልበት ስመው ይቅርታ ለመኑ። በማኅሌት መሐል ያንን ቃል የተናገረው ሰውም ከነሱ መሐል ነበር፤ ምስጢር እጇን አልሰጠችውም።

ሰው ከተበተነ በኋላ እናትና ልጅ ወደ መሪጌታ መቃብር ሄደው ከጎኑ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ከገደሉ በኩል ይመጣል፤ ከታች ገብሱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ምስጢር ደብዳቤውን ለአባቷ ልታነብላቸው አስባ ነበር። ከቦርሳዋ አውጥታ ያዘችው፤ ከዚያ አጥፋ መለሰችው።

"በቃሽ ልጄ?" አሏት እናቷ።

ምስጢር መዋሸት አልፈለገችም።

"አልበቃኝም፣ እማ።"

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"እኔንም አልበቃኝ" አሉ። ቀጥለውም እጃቸውን ሰጥተዋት ከድንጋዩ ተነሡ፤ የጎንደሩ አውቶብስ ሳያመልጣት ወደ መንገዱ ወረዱ።